ተኝቶ የሚተነፍስ ሰው

ደረሰ ሲተኛ ይሻለዋል፣ ሲነሣ ይብስበታል። ነገሩ ለሰሚው ግራ ነው፤ ለራሱ ለደረሰም ግራ ነበር። ሌላ ሰው ትንፋሽ ሲያጥረው ቀና ይላል፣ ትራስ ይደረደርለታል፣ መስኮት ይከፈትለታል። ደረሰ ግን ቀና ሲል ነው የሚታፈነው። ሶፋው ላይ በጀርባው ተዘርሮ ጣሪያ ጣሪያውን ሲያይ ደረቱ ይከፈታል፣ ነፍሱ መለስ ትላለች። ተነሥቶ እስከ ኩሽና ከሄደ ግን ዳገት በሩጫ የወጣ ይመስል ቁና ቁና ይተነፍሳል፤ ውኃውን ሳይቀዳ ባዶ ብርጭቆ ይዞ ተመልሶ ይተኛል።

ሚስቱ ጽጌሬዳ ይህን አታውቅም። ትንፋሹ ማጠሩን አይታለች፤ ግን ከመተኛት ብዛት የመጣ ነው ብላ ደምድማለች። በሚኖሩበት የሰው አገር፣ ፕሊማውዝ በምትባል ከተማ ባለ የአረጋውያን መኖሪያ ሽማግሌና አሮጊት ስትደግፍ፣ ስታጥብና ስታለብስ የምትውል ሴት ናት። እዚያ ትንፋሽ ላጠረው ሰው ምን እንደሚደረግለት ጠንቅቃ ታውቃለች፤ ቤት ስትገባም ያንኑ ሙያዋን ይዛ ትገባለች። ሦስት ትራስ ከጀርባው ትከትና «ቀና በል እንጂ! ሰው እኮ በተኛበት ነው የሚሸነፈው» ትለዋለች። ደረሰ እሺ ብሎ ቀና ይላል። ፊቷን ስታዞር ትራሶቹን አንድ በአንድ ወደ ወለሉ ያንሸራትትና ተመልሶ ይዘረራል። ስትመለስ ትቆጣለች፤ እሱ ይስቃል። ሲስቅ ደግሞ ያስለዋል።

ድሮ ጉበት ሲባል ደረሰ የሚያውቀው ሥጋ ቤት በሚጥሚጣ የሚቀርበውን ነበር። በእኛ አገር ሆድ ይብሳል፣ አንጀት ይላወሳል፣ ልብ ይሰበራል፤ ጉበትን ግን ማንም በቁም ነገር አንሥቶት አያውቅም። የደረሰ ጉበት ከልጅነቱ ጀምሮ ሳይሆን አይቀርም በደሙ ውስጥ በተቀመጠ ቫይረስ ሲበላ ኖሮ፣ ሰውየው የተማሪ አውቶቡስ እየነዳ ሳለ አንድ ጠዋት መስተዋት ውስጥ ዓይኑን ቢጫ ሆኖ አገኘው። ሰዉ ሁሉ «መጠጥ ነው» አለ። ደረሰ በሠርግ እንኳ አንዲት ቢራ ይዞ የሚያመሽ ሰው ነበር፤ ግን ሐሜት ጉበት የለውም፣ አይደክምም።

ሐኪሞቹ ይህ ጉበት ከእንግዲህ አያዛልቅህም፣ ሌላ ያስፈልግሃል አሉት። መረመሩት፣ አገላበጡት፣ ያኔ ሳንባውም ልቡም ደህና ነበርና ስሙ የተጠባባቂዎቹ ሊስት ላይ ገባ። ታዲያ ይህ ሰልፍ ደረሰ እንደሚያውቃቸው ሰልፎች አይደለም። ቀድሞ የመጣ ቀድሞ አይስተናገድም፤ ይበልጥ የታመመው ነው ወደ ፊት የሚወጣው። ከልክ በላይ ከታመመ ደግሞ ቀዶ ጥገናውን አይችልም ተብሎ ከሰልፉ ይወጣል። ታመም፣ ግን አታብዛው ማለት ነው። ደረሰ ይህችን ነገር ከሰማ ጀምሮ እንቅልፍ የለውም።

ፍርሃቱን ያባሰው ካልቪን ነው። ካልቪን ክሊኒኩ መጠበቂያ ክፍል ውስጥ የተዋወቀው፣ እሱም ጉበት የሚጠብቅ ፈረንጅ ገበሬ ነው፤ ስለ ዓሣ ማጥመድ ሲያወራ ጨዋታው አይጠገብም። ባለፈው መከር ግን ጨዋታውን ትቶ ቁጭ ብሎ አገኘው። «ሳንባዬ ውስጥ ግፊቱ በዝቷል ብለው ከሊስቱ አወጡኝ» አለው። ከዚያ በኋላ ስለ መድኃኒት፣ ስለ ጊዜ ብዙ ነገር አስረዳው፤ ደረሰ ግን አንዱንም አላዳመጠም። ሳንባ ከታመመ ስም ይሰረዛል። ይህን ይዞ ወደ ቤቱ ሄደ።

የእሱ ትንፋሽ ማጠር የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው። የፈሩት ይደርሳል ይሉ የለ።

ልጁ ሊና ሴንት ፖል ኮሌጅ የምትማር ናት። ለአባቷ እንደ ልብስ መቆንጠጫ ጣት የምትነክስ፣ በደም ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የምትለካ ትንሽ መሣሪያ ገዝታለት፣ «ከዘጠና ከወረደ ጥሩ አይደለም» ብላው ነበር። ደረሰ ብቻውን ሲሆን ሞከራት። ተኝቶ ዘጠና አራት፤ ቆሞ ሰማንያ አራት። ተኛ፣ ዘጠና አራት። ቆመ፣ ሰማንያ ሦስት። መሣሪያዋን ካልሲ ውስጥ ጠቅልሎ መሳቢያ ውስጥ ወሸቃት፤ ሊና ስትጠይቀው ባትሪው አልቋል አላት።

ከዚያ በኋላ ዘዴ አወጣ። ክሊኒክ ሲሄድ ጉልበቴን አመመኝ ብሎ በተሽከርካሪ ወንበር ይገባል። መመርመሪያ ክፍሉ ውስጥ እንደገባ ጀርባዬን ብሎ አልጋው ላይ ይጋደማል። ነርሷ ስትመጣ በጀርባው እንደተኛ ጣቱን ይሰጣል፤ መሣሪያው ደህና ቁጥር ይናገራል፤ «ትንፋሽዎ እንዴት ነው?» ሲባል «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል። ጽጌሬዳ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ «እዚህም ተኛህ?» ብላ በዓይኗ ታፈጥበታለች። ዘዴው ሠራ። ሐኪሞቹን እያታለለ የነበረው ለመኖር ነው፤ በራሱ ላይ በር እየዘጋ መሆኑን የሚነግረው አልነበረም።

በረዶው መቅለጥ በጀመረበት ሰሞን አንድ ቀጠሮ ነበረው። ጠዋት ጽጌሬዳ ከሥራ ደወለች።

«ደረሰ፣ የምትተካኝ ልጅ አልመጣችም። ሺፍቱን ጥዬ መውጣት አልችልም፤ ጋሽ ሓሚድን ለምኜልሃለሁ፣ እሳቸው ድራይቭ ያደርጉሃል። እኔ እዚያው እደርስባችኋለሁ።»

«እሳቸውን ለምን አስቸገርሻቸው ጽጌ? ሌላ አፖይንትመንት እንይዝ ነበር።»

«ኧረ ባክህ! ይሄን ካንስል አድርገህ ልትተኛ ነው? ልበስና ውረድ።»

ጋሽ ሓሚድ እዚያው ኒው ሆፕ፣ የደረሰ አፓርትመንት ምድር ቤት የሚኖሩ የአስመራ ሰው ናቸው። አማርኛን በትምህርት ቤት ተምረው ከባለቤቱ የበለጠ አጥርተው ይናገሩታል። ደረሰ አዲስ መጥቶ በረዶ ላይ መኪና መንዳት ሲፈራ አጠገቡ ተቀምጠው ያስተማሩት እሳቸው ናቸው፤ አባቱ አዲስ አበባ ሲሞቱም የለቅሶውን ቤት የመሩለት እሳቸው። እስላም ክርስቲያን የሚባል ነገር በመካከላቸው ተነሥቶ አያውቅም። ደረሰ እሳቸው ፊት ድምፁን ከፍ አድርጎ ተናግሮም አያውቅ።

መኪናው ውስጥ ደረሰ ወንበሩን ወደ ኋላ እስከ መጨረሻው አስተኛው።

«ምነው፣ መኪናዬን አልጋ አደረግኸው?» አሉት።

«ጀርባዬን ነው ጋሼ።»

ጋሽ ሓሚድ መብራት ላይ ሲቆሙ ዞር ብለው አዩት። «ጀርባ የሚያመው ሰው ከንፈሩ እንዲህ ይጠቁራል እንዴ?» አሉ። ደረሰ ከንፈሩን በእጁ ሸፈነ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፤ ይሄ የእናንተው ተረት ነው፣ እኔ አላመጣሁትም» ብለው መንዳታቸውን ቀጠሉ።

ክሊኒኩ ሲደርሱ ጋሽ ሓሚድ መጠበቂያው ክፍል ቀሩ፤ ደረሰ በተሽከርካሪ ወንበሩ ገባ፣ እንደ ልማዱም ተጋደመ። የዚያን ዕለት ነርስ ዱረቲ ነበረች፤ ወለጋ ተወልዳ ሴንት ፖል ያደገች፣ አማርኛዋ ላይ የኦሮምኛ ለዛ ያለባት ልጅ። መለኪያውን ጣቱ ላይ ሰካች። ግድግዳው ላይ ያለው ስክሪን ዘጠና አራት አለ።

«ጎበዝ ነዎት፣ ጋሼ ደረሰ» አለችው። «ዛሬ እትዬ ጽጌሬዳ የሉም? ዶክተሯ ያለ አስታማሚ እንደማታይዎት ያውቃሉ። ማን ይዞዎት መጣ?»

«ጋሽ ሓሚድ የሚባሉ ሽማግሌ አሉ ውጭ።»

«እሳቸውን እጠራለሁ» ብላ መለኪያውን እንደተሰካ ትታው ወጣች።

በሩ ተከፈተ። ዱረቲ ቀድማ ገባች፤ ከኋላዋ በከዘራቸው ጋሽ ሓሚድ፤ ኮፍያቸው ነጭ፣ ጺማቸው ነጭ፣ ካፖርታቸው እስከ ቁርጭምጭሚት። ደረሰ ያኔ ምንም አላሰበም። አባቱ ሽማግሌ ሲገባ ያልተነሣ ልጅን በዓይናቸው ብቻ የሚያቀልጡ ሰው ነበሩ፤ ያ ዓይን ከሞቱ በኋላ እንኳ ከልጃቸው ጀርባ አልወረደም። እግሮቹ ራሳቸው መሬት ወረዱ፣ ወገቡ ራሱ ተቃና።

«ኖር!» አለ ቆሞ።

«በአላህ፣ በአላህ! ኧረ ተቀመጥ አንተ!» አሉ ጋሽ ሓሚድ።

ተቀመጥ ስለተባለ ግን ሰው ይቀመጣል? ሽማግሌው ሳይቀመጡ? ጋሽ ሓሚድ ደግሞ ለመቀመጥ የሚቸኩሉ ሰው አይደሉም። መጀመሪያ ከዘራቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ። ከዘራው ተንሸራተተ፤ እንደገና አስደገፉት። ከዚያ የካፖርታቸውን ቁልፍ ከላይ ጀምረው ይፈቱ ጀመር። ደረሰ በዓይኑ ቁልፎቹን ይከተላል። ሁለተኛው ሲፈታ ጆሮው ጭው አለ። ሦስተኛው ላይ ስክሪኑ ጮኸ።

ዱረቲ ቀና ብላ አየች። ሰማንያ ስድስት። መለኪያው የላላ መስሏት ወደ ሌላ ጣቱ አዛወረችው። ሰማንያ ሁለት።

«ጋሼ ደረሰ፣ ይቀመጡ!»

«እሳቸው... ይቀመጡ...»

ጋሽ ሓሚድ ካፖርታቸውን እንዳንጠለጠሉ ወንበሩ ላይ ዱብ አሉ። ደረሰ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ፤ ቁጥሩ ግን ንቅንቅ አላለም። ከዚህ በላይ መደበቅ አቃተው። «ልተኛ ልጄ፣ ልተኛ» አለና በጀርባው ወደቀ። ሦስቱም ቁጥሩ ቀስ እያለ ሲወጣ፣ ሲወጣ፣ ዘጠና አራት ላይ ሲቆም አዩት። ዱረቲ ደጋግማ ወደ ስክሪኑና ወደ ተኛው ሰውዬ ተመለከተች፤ ከዚያ ዶክተሯን ለመጥራት በሩጫ ወጣች።

ዶክተር ሊንድግረን ረጅም፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ ሴት ናት። መጀመሪያ የደረሰን ጣቶች አንሥታ ጫፋቸው እንዴት እንዳበጠ፣ ጥፍሮቹ እንዴት እንደጠቆሩ አየች። «ከመቼ ጀምሮ ነው ቆመህ ትንፋሽ የሚያጥርህ?» አለችው።

«ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር...»

«ደረሰ!» አሉ ጋሽ ሓሚድ። ተቆጥተው ሰምቷቸው አያውቅም። «እኔን ለማክበር ትንፋሽህ እስኪያልቅ ቆመሃል። ለዚህች ሴት እውነቱን መንገር ነው የሚከብድህ?»

ያኔ ደረሰ አለቀሰ። እንግሊዝኛውም ጠፋው፤ በአማርኛ ተናገረ፣ ዱረቲ ተረጎመችለት። ከመከር ጀምሮ መሆኑን፣ ካልሲ ውስጥ ስለደበቃት መሣሪያ፣ ስለ ውሸቱ ጀርባና ስለ ውሸቱ ጉልበት፣ ሁሉንም ዘረገፈው። «ስሜን አትሰርዙት በያት» አለ በመጨረሻ። «ልጄ ገና አልተመረቀችም። ከሊስቱ እንዳያወጡኝ ብዬ ነው።»

ዶክተሯ ወንበር ስባ አልጋው አጠገብ ተቀመጠች። ጉበቱ የደከመ ሰው ሳንባው በብዙ መንገድ ይታወካል አለችው። አንዱ ደረቱ ውስጥ ውኃ ይሞላል። ሌላው የሳንባው ደም ሥሮች ይጠብቡና ግፊታቸው ይበዛል፤ ይህኛው መጀመሪያ በመድኃኒት ካልወረደ ቀዶ ጥገናው አደገኛ ነው። «የአንተ ግን የተገላቢጦሽ ይመስለኛል» አለች። «የሳንባህ ደም ሥሮች ከልክ በላይ ሰፍተዋል። ደሙ ኦክስጅን ሳይዝ በፍጥነት ያልፋል። ስትቆም ደሙ ወደ ሳንባህ ታችኛው ክፍል ይወርዳል፤ የሰፉትም በብዛት እዚያ ናቸው። ስትተኛ ይከፋፈላል፣ ይሻልሃል።»

ደረሰ ዓይኑን ጠረገ። «አውቶቡሱ ፌርማታው ላይ ሳይቆም ያልፋል ማለት ነው» አለ። «ልጆቹ ቆመው እያዩት።»

ዱረቲ ስትተረጉምላት ዶክተሯ ፈገግ አለች። «ልክ እንደዚያ።»

«መድኃኒቱስ?»

«አዲስ ጉበት ነው። ሌላ አላውቅለትም። ለዚህም ነው ይህ ሕመም የተረጋገጠበትን ሰው፣ ኦክስጅኑ በጣም የወረደ ከሆነ፣ ሊስቱ ላይ ወደ ፊት እንዲወጣ የምንጠይቅለት። አትሰረዝም፣ ደረሰ። ብትነግረን ኖሮ ይህን ጊዜ ወደ ፊት ወጥተህ ነበር።»

ደረሰ ተኝቶ ጣሪያውን አየ። ክረምቱን ሙሉ፣ በዚያ ሁሉ ዘዴ፣ ራሱን ከሰልፉ ኋላ ሲያቆም ነው የከረመው። ሊስቅ ፈለገ፤ ሊጮህም ፈለገ። ጋሽ ሓሚድ ብድግ ብለው እጁን ያዙትና እዚያው ቆሙ።

ጽጌሬዳ የሥራ ልብሷን እንደለበሰች እያለከለከች ስትገባ ሕመሙንና የደበቀውን እንደ አዲስ ነገሯት። መጀመሪያ ተቆጣች፤ «ሥራ ቦታ የሰው ሁሉ ጣት ስለካ እየዋልኩ የቤቴን ሰው ጣት ደበቅኸኝ!» አለችው። ከዚያ ትራሶቹ ትዝ አሏት። አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብላ «እኔ ነኛ ሳፍንህ የከረምኩት። ቀና በል፣ ቀና በል እያልኩ» ብላ አለቀሰች።

«እንዴት ታውቂያለሽ? እየደበቅኩሽ!»

አፍንጫዋን ጠረገችና ታዲያ በሽታው እንዴት ተገኘ ብላ ጠየቀች። ዱረቲ ስለ «ኖር» አጫወተቻት። ጽጌሬዳ ከባሏ ወደ ሽማግሌው ዞረች።

«ጋሽ ሓሚድ ይፍረዱኝ» አለች። «ከሃያ ዓመት በላይ ስገባ ስወጣ፣ ይሄ ሰውዬ ለእኔ አንድ ቀን ተነሥቶ ያውቃል? አንድ ቀን ብቻ ቢነሣልኝ ኖሮ በሽታው ድሮ ይታወቅ ነበር!»

ጋሽ ሓሚድ እስኪያነቡ ሳቁ። ዱረቲም ሳቀች፣ ደረሰም ሳቀ። የሚስቱ ቃል ግን ከሳቁ በኋላ ደረቱ ውስጥ ቀረ።

ምርመራዎቹ ተከታተሉ። በክንዱ ደም ሥር በትናንሽ አረፋ የተሞላ ፈሳሽ ሰድደው ልቡን በአልትራሳውንድ ተመለከቱ፤ ደህና ሳንባ አጣርቶ ያስቀራቸው የነበሩት አረፋዎች አልፈው በግራው ልቡ ውስጥ ሲጨፍሩ ታዩ። ከእጁ አንጓ ደም ወስደው ኦክስጅኑን ለኩ። ዶክተሯ እንዳለችው ሆነ፤ ማመልከቻው ተላከ፤ ደረሰ ወደ ፊት ወጣ። ቤት ውስጥ የኦክስጅን ማሽን ገባለት። ትራሶቹ ቁም ሳጥን ገቡ። ጽጌሬዳ ከሥራ ስትመለስ ሶፋው ሥር ወለሉ ላይ ትቀመጥና ራሷን ክንዱ ላይ አስደግፋ ውሎዋን ታወራዋለች። መተኛት ተፈቀደ፤ እንዲያውም ታዘዘ። የሚገርመው ደረሰ ከዚያ ወዲያ መተኛት ሰለቸው።

ስልኩ የተደወለው በበጋ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሊና አባቷን መኪና ውስጥ አስቀምጣ ጎማ ስታስነፋ ነው። «ዳድ፣ ኢት ኢዝ ዘም!» ብላ ስልኩን ሰጠችው፤ ሆስፒታሉ ነበር፣ ጉበት ተገኝቷል፤ መኪናውን አስነሣች። መንገድ ላይ ደረሰ ሞቶ ጉበቱን ስለተወለት፣ ስለማያውቀው ሰው አሰበ። እሱ ደስ ሲለው የሆነ ቤት ውስጥ ለቅሶ ነበር። «ነፍሱን ይማር በይ» አላት ልጁን። ሊና በአማርኛ ደገመችው፤ ትንሽ ተኮላተፈች፣ ግን ደገመችው።

ቀዶ ጥገናው ረጅም ነበር፤ ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት ግን ይበልጥ ረዘሙ። ዶክተር ሊንድግረን አስጠንቅቃው ነበር። ጉበቱ ወዲያው ሥራ ይጀምራል፣ ሳንባው ግን ጊዜ ይፈልጋል፤ እንዲያውም መጀመሪያ ሊብስበት ይችላል። ባሰበትም። ዓይኑ ነጥቶ፣ ሆዱ ጎድሎ፣ ግን የኦክስጅኑን ቱቦ አፍንጫው ላይ አድርጎ ቤቱ ተመለሰ። አንዳንድ ቀን ተስፋ ሲቆርጥ ጋሽ ሓሚድ ከምድር ቤት እየወጡ ያጫውቱታል፤ ተኝቶ እንዲቀበላቸው በግድ አስማሉት። ካልቪንም ደወለ፤ መድኃኒቱ ግፊቱን አውርዶለት ስሙ ወደ ሊስቱ ተመልሷል። ደረሰ በዚህ ጊዜ እስከ መጨረሻው አዳመጠው።

ክረምቱ አለፈ። ሊና መሣሪያዋን ከካልሲው ውስጥ አውጥታ ማቀዝቀዣው አናት ላይ አስቀምጣታለች። ቆሞ ሰማንያ ሦስት የነበረው ሰማንያ ስምንት፣ ዘጠና፣ ዘጠና ሁለት እያለ መጣ። አንድ ቀን ሐኪሞቹ ቱቦውን አወለቁለት።

በዚያው ሳምንት፣ ከቀትር በኋላ፣ ደረሰ ሶፋው ላይ ቀና ብሎ ተቀምጧል። ጽጌሬዳ ከሥራ የምትገባበት ሰዓት ነው። ቁልፉ በሩ ላይ ሲዞር ሰማ። በአንድ እጇ ቦርሳ፣ በሌላው የገበያ ፌስታል አንጠልጥላ ገባች።

ደረሰ ብድግ አለ።

«ኖር!»

ጽጌሬዳ ደንግጣ ወደ ኋላዋ ዞረች። ሽማግሌ ተከትሏት የገባ መስሏት ነበር። ከኋላዋ ኮሪደሩ ባዶ ነው።

«ማን መጣ?» አለች።

«አንቺ።»

ፌስታሉን መሬት አስቀመጠች። ከንፈሩን አየች፤ ቀይ ነው። እንደ ሙያዋ እጁን አንሥታ ጥፍሮቹን አየች፤ እነሱም ጠርተዋል። ደረሰ አልተቀመጠም። እሷ ሳትቀመጥ እንዴት ብሎ።

«በእግዜር» አለች። ከዚያ ካፖርቷን ከላይኛው ቁልፍ ጀምራ፣ አንድ በአንድ፣ ቀስ እያለች ትፈታ ጀመር፤ ለመቀመጥ ምንም አልቸኮለችም።